«እኔ ጋ ይሠራል» ባዩ ጋሽ እንግዳ

ማኅበር ሊቀ መንበር ሊያጣ ይችላል፤ ጸሐፊም ላይኖረው ይችላል። «እኔ ጋ ይሠራል» ባይ ግን አጥቶ አያውቅም። ይህ ሰው አይመረጥም፣ አይሻርም፣ ዕረፍት አይወጣም። መብራት ጠፋ ስትሉት የእሱ ቤት በርቷል። ውሃ ሄደ ስትሉት እሱ አሁን ታጥቦ መውጣቱ ነው። ስልኬ አልደውል አለኝ ብላችሁ ስታማርሩ የራሱን ስልክ ከኪሱ ያወጣና እዚያው ፊታችሁ ለሚስቱ ደውሎ፣ «ይኸው፣ እኔ ጋ ይሠራል» ይላችኋል። ችግራችሁ አልተፈታም፤ ነገር ግን ችግር እንዳልነበረ በይፋ ተረጋግጧል።

እኛ ሰፈር፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ እንግዳ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው። የሚለየን አንድ ግድግዳ ሲሆን እሱም ስስ ስለሆነ፣ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሸዋረጋ የሚሰጡትን የቴክኒክ ማብራሪያ እኔም ሳልጋበዝ እከታተላለሁ። በቀን ካልቨር ሲቲ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር እርዳታ ክፍል ይሠራሉ። ቢሮው የቀጠራቸው የሠራተኛው ኮምፒውተር ሲበላሽ እንዲጠግኑ ነው። እሳቸው ግን ሥራቸውን የተረዱት ኮምፒውተሩ እንዳልተበላሸ ሠራተኛውን ማሳመን ነው ብለው ነው፤ እስካሁንም ያባረራቸው የለም።

ያሏቸው መድኃኒቶች ሁለት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ «እኔ ጋ ይሠራል» ይታዘዛል። እሱ ካልያዘ «አጥፍተሽ አብሪው» ይከተላል። ይህችን ሁለተኛዋን ለማይክሮዌቭም፣ ለመኪናም፣ ለማሞቂያም ሲያዙ ሰምቻለሁ። ሙሉዬ የምትባል የመዘምራን እህታችን አንድ እሑድ፣ ባሏ ከሥራ ሲገባ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንደሚያመሽ በምሬት ብታጫውታቸው፣ ጋሽ እንግዳ ለአፍታ አሰብ አድርገው፣ «ሪስታርት አድርገሽዋል?» አሏት።

አብሮን የሚያመልከውን የዳኒን መኪና ነገርም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አልነሳ አለችው። ሰው ከቧት የየራሱን ምክር ሲወረውር፣ ጋሽ እንግዳ ሕዝቡን ከፍለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች! እጃቸውን አራግፈው ወርደው ሄዱ። ዳኒ እያመሰገነ እስከ መጀመሪያው የትራፊክ መብራት ነዳትና እዚያው መሀል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። መኪና ከኋላው እየጮኸበት ደወለላቸው። «እኔ ጋ ተነስታለች እኮ!» አሉት፣ ቅር ብሏቸው።

የሰውየው ታላቅ ሥራ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ድረ ገጽ ነው። እኛ አነስተኛ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ነን፤ እሑድ መኪና ማቆሚያው ከሞላ ሁለት መቶ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ለዚህ ጉባኤ ጋሽ እንግዳ ቢሯቸው የጣላቸውን አሮጌ ማሽኖች ለምነው አምጥተው፣ ሦስት ሰርቨር ከመዘምራን ካባና ከውሃ ካርቶኖች አጠገብ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከሉ። ወጣቱ ፓስተራችን አሮን፣ «ጋሽ እንግዳ፣ ለሁለት መቶ ሰው ሦስት ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ዓለም ሁሉ አንድ ቀን ቢገባስ?» ሲሉ መለሱለት። አሮን ዓለም ሁሉ እንዲገባ በየሳምንቱ የሚጸልይ ሰው ነውና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጣቸው።

ማሽኖቹን ሴም፣ ካምና ያፌት ብለው ሰየሟቸው። ከፊታቸው ደግሞ ኖኅ የሚባል አራተኛ አቆሙ። ኖኅ በሙያው ቋንቋ ሎድ ባላንሰር የሚሉት ነው፤ የሚመጣውን ሰው ለሦስቱ ያከፋፍላል። ምግብ ቤት በር ላይ ቆማ «እናንተ ወደ ውስጥ፣ እናንተ በመስኮቱ በኩል» እያለች እንግዳ የምትደለድለውን ልጅ አስቧት። እንግዳው የትኛዋ አስተናጋጅ እንደደረሰችው አያውቅም፤ ምግብ ከመጣለት አይጠይቅምም።

አንድ ሌላ ነገር ማወቅ አለባችሁና ታገሡኝ። እያንዳንዱ ማሽን ሰርተፍኬት የሚባል ነገር ይይዛል። ድረ ገጹ «እኔ እኔው ነኝ፣ አጭበርባሪ አይደለሁም» ብሎ ለስልካችሁ የሚያሳየው መታወቂያ በሉት። እንደ መታወቂያም ጊዜው ያልፍበታል። ያለፈበት እንደሆነ ስልካችሁ በሩ ላይ ቆሞ በቀይ ይጮኻል፤ አያስገባችሁም። እስካለፈው ዓመት ድረስ ጋሽ እንግዳ በእጃቸው ያድሱት ነበር። ዘንድሮ ሦስቱም ቀኑ ሲቃረብ ራሳቸው እንዲያድሱ አደረጉና እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመው፣ «ከእንግዲህ የሰው እጅ አይነካውም!» ብለው አወጁ። አጨበጨብንላቸው። ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

የቤተል ሠርግ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ቤተል የእትዬ ውብነሽ አንድ ልጅ ናት። እትዬ ውብነሽ ፓሳዴና የሚኖሩ፣ የሰው አዛውንት እየተንከባከቡ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሠርጉ ሲቃረብ ከደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፤ ሐኪሙ ግን መኪና ውስጥ ገብቶ ፌርፋክስ ድረስ መሄድ አይታሰብም አላቸው። ቤተል ሠርጉን ላራዝመው ብላ አለቀሰች። እናት ግን፣ «ለአንድ አጥንት ብዬ ሠርግ አላስቀርም። እሑድ እሑድ ስብከቱን በማይበት በዌብሳይቱ አይሻለሁ» አሉ። ቤተልም በበኩሏ፣ «እንግዲያው ማሚ እያየችኝ ካልሆነ በሩን አልገባም» አለች። ቤተልን የሚያውቃት ሰው ይህን እንደ ዛቻ አይወስደውም፤ በቃ እንደ ሠርጉ ፕሮግራም ነው የሚወስደው።

በቪዲዮ ኮል ለምን አይሆንም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞክረነዋል። በሌላዋ እህታችን በሐሌታ ሠርግ አንድ ወንድም ስልክ ይዞ ለዘመዶቿ እንዲያሳይ ተመድቦ ነበር። እልልታው ሲጀመር እሱም አብሮ ዘለለና ዘመዶቿ ሠርጉን ከጉልበት በታች ብቻ ተከታተሉት። እትዬ ውብነሽ ይህን ሰምተዋል። «እኔ የሰው ጫማ አይቼ አልመርቅም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በጋሽ እንግዳ የተተከሉ ጥሩ ካሜራዎች አሉ፤ ድረ ገጹም አለ። ምን ሊጎድል ነው?

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከፓሳዴና ስልክ ይጎርፍ ጀመር። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ፤ ጋሽ እንግዳ ደግሞ ስልክ የሚያነጋግሩት ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ነው።

«ጋሽ እንግዳ፣ ሙሉዬ ነኝ። የቸርች ዌብሳይት አልከፈት አለኝ።»

«እኔ ጋ ይሠራል።»

«ቀይ ነገር ነው እኮ የሚያመጣው!»

«ኦኬ፣ ሶ ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪው።»

«አጥፍቼ አበራሁት።»

«እንግዲያው ደግመሽ አጥፊው።»

ቀዩ ጽሑፍ ሌቦች መረጃችሁን ሊሰርቁ ይችላሉ የሚል ቃል ስላለበት፣ ወሬው አፍ ለአፍ ሲዞር ቤተ ክርስቲያን ሌባ ገባ ሆነ። የጸሎት ሰንሰለት ተጀመረ። ሰኞ ማታ በጸሎት ፕሮግራም አንዲት እህት እጇን ዘርግታ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሰርቨሩን ጎብኘው!» ስትል ቤቱ በአሜን ተናጋ። እኔም አሜን አልኩ፤ ግን ጋሽ እንግዳም አንድ ጊዜ ቢጎበኙት ብዬ በልቤ ጨመርኩበት። ደግሞ የማይከፈትላቸው የፓሳዴና ሰዎች ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። የፓሳዴና ምዕመናን በራሳቸው ሰፈር የእሑድ አምልኮ ይፈቀድልን ብለው ሲጠይቁ ከርመዋል። «ለዚህ ነው የቆረጡን» አሉ። ፌርፋክሶች ደግሞ «ራሳቸው ናቸው አይከፈትም የሚሉት፤ ሊለዩ ሰበብ ፈልገው ነው» አሉ። እትዬ ውብነሽ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ቀዩን ነገር ያያሉ፣ ይደውላሉ። ጋሽ እንግዳ እሳቸው ጋ እንደሚሠራ ይነግሯቸዋል።

በእኛ ዘንድ ሰው አልቀበል ሲል የሚደረግ ነገር አለ። ሽማግሌ ይላካል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ብርሃነመስቀል ሁለት አረጋውያን አስከትለው፣ ሦስቱም ኮትና ከረባት አድርገው ከፓሳዴና መጡ። ወንበር ስላልበቃ እትዬ ሸዋረጋ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው ጠሩኝና ሁለት ወንበር ይዤ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልቀመጥ አሉ። ልጃገረድ ሊጠይቁ የመጡ ይመስል በር ላይ ተደርድረው ቆሙ።

«እንግዳ» አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ «አመጣጣችን በሰላም ነው። እሺ ሳትለን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም። አንድ ቃል ነው የምንፈልገው።»

«ምን ልበል፣ አባቶቼ?»

«አይሠራም በል።»

«ምኑ?»

«ዌብሳይቱ። አይሠራም በልና እንቀመጣለን።»

ጋሽ እንግዳ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «በእናንተ በታላላቆቼ ፊት እንዴት ብዬ እዋሻለሁ?» አሉና ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ድረ ገጹ ፏ ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «በእኛ ስልክ እንጂ» አሉ አንደኛው። ጋሽ እንግዳ ያለ ምንም ቅሬታ የቤታቸውን ዋይፋይ ቁጥር ለሦስቱም አስገቡላቸው። በሦስቱም ስልክ ተከፈተ። ባለፈው እሑድ የተሰበከው ስብከት በሦስት ስልክ፣ ትንሽ ትንሽ ተቀዳድሞ፣ ሳሎኑን ሞላው። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ተቀመጡ። እትዬ ሸዋረጋ ጥብስ አቀረቡ። ተበላ፣ ተመረቀ፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል ይቅርታ ጠየቁ።

ፓሳዴና ደርሰው ከመኪና ሳይወርዱ ከፈቱት። ቀይ። በማግስቱ ጋሽ ብርሃነመስቀል ለእኔ ደወሉልኝ። «አሁን ምን አፍ አለን?» አሉኝ በሐዘን። «ጥብሱን በልተናል።»

ሰውየውን ፓሳዴና የወሰዳቸው ሽምግልናም ጸሎትም አይደለም፤ እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲገቡ ተቀበሏቸው፤ በግድግዳው በኩል አንድም ቃል አላመለጠኝም። «ሴትየዋ አልጋ ላይ ወድቃ አንድ ቀን ሄደህ ሳትጠይቃት፣ ቅዳሜ በምን ዓይንህ ነው ልጇን የምትቀርጸው? ሰው ምን ይለናል?» በሽተኛ አልጠየቀም መባል ለእኛ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ እንግዳ ከኤይርፖርትም ከፖሊስም በላይ የሚፈሩት ፍሪዌይን ነውና፣ ወዲያው በሬ ተንኳኳ። በከረጢት ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። «ድራይቭ ታደርግልኛለህ?» አሉኝ።

እትዬ ውብነሽ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ የሆስፒታል አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ እንግዳ ጎንበስ ብለው፣ «ጌታ ይፈውስዎት፣ እትዬ ውብነሽ። እንዴት ነዎት? እንቅልፍስ?» ብለው የበሽተኛ መጠየቂያውን ሁሉ በወጉ አደረሱ። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሙያቸው ገቡ። «ያ ነገር እኮ እኔ ጋ…»

«ቅዳሜ ልጄ ታገባለች፣ እንግዳ» አሉ እትዬ ውብነሽ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ ደክሟቸዋል። «አንተ ጋ ቢሠራ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እስቲ እዚህ እኔ አጠገብ ተቀመጥና በእኔ ኢንተርኔት ክፈተው።»

ጋሽ እንግዳ ተቀመጡ። ስልካቸውን አወጡ። የእትዬ ውብነሽን ዋይፋይ አስገቡና ድረ ገጹን ነኩት። ቀይ ሆነ። ዘግተው ከፈቱት፤ ቀይ ነው። ስልኩን አጠፉት። አበሩት። ሲበራ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ቀይ።

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። «እኔ ጋ» ብለው ጀመሩና ተውት። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ ውብነሽ ደንግጠው። «አንተም ታመምክ እንዴ? ውሃ ስጠው አንተ ልጅ!»

ውሃውን ጠጡና ቀስ ብለው፣ «እትዬ ውብነሽ፣ በፊት ሲከፈትልዎት ከላይ ቀን ይታይዎት ነበር?» አሉ።

«ይታየኛል እንጂ! የራሳችን ቀን። ጠዋት ስነሳ ግንቦት ስንት እንደሆነ የማየው እዚያ ላይ ነበር። አሁን እሱንም ወሰዳችሁብኝ።»

እኔ ግራ ገባኝ። በየቀኑ እዚያ ድረ ገጽ ላይ እገባለሁ፤ ያየሁት የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ዞር ብዬ ጋሽ እንግዳን ባያቸው፣ ጣራውን ያያሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አወጡት። የዛሬ ሁለት ዓመት እትዬ ውብነሽ ከአምልኮ በኋላ ይዘዋቸው፣ «የቸርቻችን ዌብሳይት በራሳችን ቀን ቢጽፍልን ምን አለበት?» ብለዋቸው ነበር። ጋሽ እንግዳ ጉዳዩን ለቦርድ አቀረቡ። ቦርዱ ልጆቹ ይምታታባቸዋል ብሎ አልተቀበለውም። «ሶ ምን አደረግኩ» አሉኝ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ያፌትን ለእሳቸው አደረግኩት። ከፓሳዴና የሚመጣውን ሁሉ ወደ ያፌት ላክ ብዬ ለኖኅ ነገርኩት። ከዚያ የያፌትን ካላንደር ወደ እኛ መለስኩት።»

«የማሽኑን? ቀኑን ገጹ ላይ ብቻ የሚለውጥ ነገር መጻፍ አይቻልም ነበር?»

«ይቻላል።»

«ታዲያ?»

የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «እሱ እኔ ጋ አልሠራ አለ» አሉ።

አሁን የሆነውን ተመልከቱ። ሴምና ካም በፈረንጅ 2026 ላይ ይኖራሉ። ሰርተፍኬታቸው ሊያልፍ ሲል ቀኑን አይተው፣ ደርሷል ብለው አደሱ። ያፌት ግን እንደ እኛ 2018 ላይ ነው። የራሱን ሰርተፍኬት ሲያይ «በ2026 ያልፋል» ይላል። ገና ስምንት ዓመት አለኝ፣ ምን ያጣድፈኛል ብሎ ተኛ። እንደ ያፌት የሚያስብ ዘመድ የሌለው ሰው ይህን አይረዳም። ፌርፋክስና ካልቨር ሲቲ ያለው ሰው ሁሉ ሴምና ካም ዘንድ ሲስተናገድ፣ ፓሳዴናዎች በሙሉ ከእንቅልፋሙ ጋር ቀሩ። እኛ በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ልንከፍል ምንም አልቀረንም ነበር።

በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሄድን። ያፌት ካባዎቹ ሥር ተወሽቆ ያንኮራፋል። የማስተካከሉ ሥራ የወሰደው ጊዜ ካባዎቹን ከማንሳት አይበልጥም፤ ካላንደሩን ወደ ፈረንጁ መለሱ፣ ያፌት ባኖ ነቃ፣ ሰርተፍኬቱን አደሰ፣ አለቀ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ማሽኑ ፊት ቆመው ቀሩ።

«በየወሩ ነበር የምመጣው» አሉ። «የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው። የማሽኑ አንዴ ሠላሳ አንድ ይሆናል፣ አንዴ ሃያ ስምንት ይሆናል። ካልተስተካከለ የተሳሳተ ቀን ያያሉ። ጳጉሜን ሲመጣማ ማሽኑ ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅ፣ በየቀኑ እየመጣሁ በእጄ ነበር የምጽፍላቸው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ። ጋሽ እንግዳ በየጊዜው ዕቃ ቤት ምን ይሠራሉ ብለን ስንስቅባቸው ነበር፤ ዳኒማ ከውሃ ካርቶኖቹ ይጠጣሉ የሚል ጥርጣሬ ነበረው። ለካስ አንዲት ሴት ፓሳዴና ጠዋት ተነስታ ቀኑን እንዳትስት ነው! ለሴትየዋም ነግረዋቸው አያውቁም፣ ለሚስታቸውም። እኔ በዚያ ግድግዳ በኩል ስንት የማይረባ ነገር ሰምቻለሁ፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፤ ዞሬ ካባ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ቅዳሜ የካሜራው አለቃ እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከፌርፋክስ ሱቅ የገዙትን የሐበሻ የግድግዳ ካላንደር በብብታቸው ይዘው በሬን አንኳኩ። «ካሜራውን አንተ ያዝ» አሉኝ። «እኔ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካላየሁ አላምንም።» ፍሪዌዩንስ ብላቸው፣ ራሳቸው ሊነዱ መሆኑን ነገሩኝ። እውነትም በቀኝ ጥግ በቀኝ ጥግ፣ የጭነት መኪና እንኳ እየቀደማቸው፣ ፓሳዴና ደረሱ።

ሰዓቱ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል፤ ፓሳዴናዎች በቀኝ፣ ፌርፋክሶች በግራ ተቀምጠው አይተያዩም። መዘምራኑ ቆመዋል። ፓስተር አሮን መድረክ ላይ ሆኖ ወደ በሩ ያያል። ቤተል በነጭ ቀሚሷ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ሙሽራው ፊት ለፊት ይጠብቃታል፤ እሷ ግን እንዳለችው እግሯን አላነሳችም። ካሜራውን ወደ እሷ አዞርኩና ወደ ጋሽ እንግዳ ደወልኩ።

«ጋሽ እንግዳ፣ ተከፍቷል። ይታያል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ጋሽ እንግዳ፣ ይሰሙኛል? ቤተል በሩ ላይ ናት። እትዬ ውብነሽ እያዩ ነው?»

ሳልጠይቃቸው ስንት ዓመት ሙሉ ሲመልሱልኝ የኖሩ ሰው፣ አሁን ስጠይቃቸው ጠፉብኝ። ቤተል ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «ምን አሉ?» አለችኝ። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲስብ ይሰማኛል። ያፌት ዳግመኛ ተኛ እንዴ ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ በር አየሁ።

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝና የእትዬ ውብነሽ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ተወው፣ እያለቀሰ ነው» አሉኝ። «ቬሏ በግራ በኩል ተጣሟል። አስተካክሉላትና ልጄን አስገቡልኝ።»

እውነትም ቬሉ ተጣሞ ነበር። ሄጄ እያቃናሁላት፣ ስልኩ ጆሮዬ ሥር እንዳለ፣ ጋሽ እንግዳ ከወዲያ በኩል እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቁ እሰማቸዋለሁ። ያን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ነው የገባኝ።

«አይተውሻል» አልኳት ለቤተል። «ግቢ።»